ኢንፍሉዌንዛ "ጉንፋን ብቻ" አይደለም፤ ስለ ወቅታዊ ክትባቱ መታወቅ የሚገባው

በኢትዮጵያ አፍንጫ ሲዘጋ፣ ጉሮሮ ሲከረክርና ሳል ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ጉንፋን። ሕመሙ ጠንክሮ ሰውን አልጋ ላይ ሲጥልም "ኃይለኛ ጉንፋን" ከመባል አያልፍም። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የሕመም ዓይነቶች ይገኛሉ። አንደኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን በራሱ የሚተው ቀላል ጉንፋን ነው። ሁለተኛው በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚመጣውና በየዓመቱ በመላው ዓለም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት የሚቀጥፈው በሽታ ነው። ለመጀመሪያው ክትባት የለውም፤ ለሁለተኛው ግን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ክትባት አለ።

ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ተራ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሽታው "ጉንፋን ነው፣ ይለቃል" ተብሎ ሲታለፍ፣ ክትባቱም ለቅንጦት የሚወሰድ ወይም ለሌሎች አገሮች ሕዝብ ብቻ የተዘጋጀ መስሎ ይታያል። በዚህ የተነሳ ለሕይወታቸው ሊያሰጋቸው የሚችል ሰዎች ጭምር ክትባቱን ማግኘት በሚችሉበት ቦታ እንኳ ሳይከተቡ ይቀራሉ።

የሁለቱ በሽታዎች ልዩነት

ቀላል ጉንፋን በአብዛኛው ቀስ በቀስ ይጀምራል። ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የጉሮሮ መከርከር ዋና ዋና ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ ታማሚው ከሞላ ጎደል የዕለት ሥራውን ማከናወን አያቅተውም። ኢንፍሉዌንዛ በአንጻሩ በድንገት ይነሳል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማምሻውን በከፍተኛ ትኩሳት፣ በብርድ ብርድ ማለት፣ በራስ ምታት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕመም እንዲሁም በደረቅ ሳል ሊያዝ ይችላል። አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ቢያገግምም ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

የበሽታው ዋነኛ አደጋ የሚመጣው ከሚያስከትላቸው ችግሮች ነው። ቫይረሱ ራሱ ወይም እርሱን ተከትሎ የሚገባ ባክቴሪያ የሳንባ ምች ያመጣል፤ የልብ ሕመምን፣ አስምንና የስኳር በሽታንም ያባብሳል። በዚህ ምክንያት በኢንፍሉዌንዛ መነሻነት የሞተ ሰው የሞቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ወይም የልብ ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። የበሽታው ጉዳት ከሚታሰበው በታች ሆኖ የሚታየውም አንድም ከዚህ የተነሳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ በዓለም ላይ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰዎች በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሱት ደግሞ በሽታው በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካላት ችግር ይሞታሉ። በኢንፍሉዌንዛ ሳቢያ በሚመጣ የታችኛው የመተንፈሻ አካል ሕመም ከሚሞቱት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መካከል 99 በመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች የሚኖሩ መሆናቸውን ድርጅቱ ያመለክታል። ይህም በሽታው የቀዝቃዛ አገሮች ችግር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነታው የራቀ መሆኑን ያሳያል።

የኅዳር በሽታ ያስተማረው

ኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛን ክፉ ገጽታ ከመቶ ዓመት በፊት አይታለች። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር (እ.ኤ.አ. በ1918) አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ "የኅዳር በሽታ" በሚል ስም በሕዝብ ትውስታ ውስጥ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ በመዲናዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም በበሽታው በጽኑ ታመው ከተረፉት አንዱ ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ "ኅዳር ሲታጠን" የተሰኘው ልማድ ከዚሁ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደገደለ የሚገመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ነበር። የበሽታው መንስኤ ቫይረስ መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር፤ ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በመሆኑም የዚያን ዘመን ሕዝብ ከጭስና ከጽዳት ሌላ የሚይዘው መሣሪያ አልነበረውም።

የአሁኑ ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ከዚያ ዓይነቱ ወረርሽኝ ጋር በጉዳት መጠን እንደማይተካከል ግልጽ ነው። ሆኖም ሁለቱ የአንድ ቫይረስ ቤተሰብ ውጤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሜክሲኮና ከአሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 የተባለው አዲስ ዝርያ ኢትዮጵያንም ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙ ማብቃቱን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ይፋ ካደረገ በኋላም ዝርያው አልጠፋም። በየዓመቱ ከሚመላለሱት ወቅታዊ ቫይረሶች አንዱ ሆኖ ዛሬም ይገኛል።

በየዓመቱ መከተብ ለምን አስፈለገ?

በኩፍኝ ወይም በፖሊዮ ክትባት የለመደ ሰው ለኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ መከተብ እንደሚያስፈልግ ሲሰማ የክትባቱን ብቃት ሊጠራጠር ይችላል። ምክንያቱ ግን በሁለት ነገሮች ይገለጻል። አንደኛ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ውጫዊ አካሉን ያለማቋረጥ ይለዋውጣል። አምና የተዘጋጀው የሰውነት መከላከያ ዘንድሮ የመጣውን ቫይረስ ላያውቀው ይችላል። ሁለተኛ፣ ክትባቱ የሚሰጠው የመከላከል አቅም ከወራት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህን ለመቋቋም እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት መረብ አለ። በየአገሩ የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ከታማሚዎች የሚወሰዱ ናሙናዎችን ይመረምራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በዓመት ሁለት ጊዜ የክትባቱን ይዘት በተመለከተ ምክረ ሐሳብ ያወጣል። በፌብሩዋሪ የሚወጣው ለሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ በሴፕቴምበር የሚወጣው ደግሞ ለደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚያገለግል ነው። ምክረ ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ክትባቱን አምርቶ ለማቅረብ ስድስት ወራት ያህል ይፈጃል።

ቅኝቱ ክትባቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ያስረዳል። ለዓመታት በርካታ አገሮች አራት የቫይረስ ዝርያዎችን የያዘ ክትባት ይጠቀሙ ነበር። ከአራቱ አንዱ የሆነው ቢ ያማጋታ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ወዲህ በሰዎች ላይ መገኘቱ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ዝርያው በክትባቱ ውስጥ መካተቱ አስፈላጊ እንዳልሆነ ገለጸ። በዚሁ መሠረት አሜሪካን ጨምሮ የተለያዩ አገሮች ሁለት የኤና አንድ የቢ ዝርያ ወደያዘው ባለ ሦስት ክትባት ተመልሰዋል።

ክትባቱ የሚችለውና የማይችለው

ክትባቱ የተከተበ ሰው ፈጽሞ አይታመምም የሚል ዋስትና አይሰጥም። በክትባቱ ውስጥ ያሉት ዝርያዎች በዓመቱ ከሚሰራጩት ቫይረሶች ጋር በሚገባ ሲመሳሰሉ፣ በበሽታው ታሞ ወደ ሐኪም የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ እንደሚቀንስ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይገልጻል። ተከትበው የታመሙ ሰዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው ሕመማቸው ይቀልላል፤ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት ዕድላቸውም ይቀንሳል። ክትባቱን ለመመዘን የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ሊታወቅ የሚገባው ሌላው ነጥብ ክትባቱ ቀላል ጉንፋንን እንደማይከላከል ነው። "ተከትቤ ጉንፋን ያዘኝ" የሚለው የተለመደ ቅሬታ የሚመነጨው ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ስም ከመጠራታቸው ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለው ኢንፍሉዌንዛን ሊያስይዝ አይችልም። ሰውነት የመከላከል አቅሙን እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ግን በእነዚህ ቀናት ውስጥ ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው ሊታመም ይችላል።

በልጆች የክትባት ካርድ ላይ የሚገኝ አንድ ቃልም ተመሳሳይ መደናገር ይፈጥራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 በመደበኛ መርሐ ግብሯ ያስገባችው አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት፣ "ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ" የተባለውን ተሕዋስ መከላከያ ይዟል። ይህ ግን ባክቴሪያ እንጂ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አይደለም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሪቻርድ ፋይፈር የኢንፍሉዌንዛ መንስኤ ነው ብሎ በስህተት በማመኑ ነበር። ስለዚህ ይህን ክትባት የወሰደ ሕፃን ከአደገኛ የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ዓይነት ይጠበቃል፤ ለወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ግን ተከትቧል ማለት አይቻልም።

ቅድሚያ የሚገባቸው

የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባቱ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የሚመክረው ለጤና ባለሙያዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያን እንዲሁም እንደ ስኳር፣ አስም፣ የልብ፣ የኩላሊትና የሳንባ ሕመም ያሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ላሉባቸው ሰዎች ነው። እንደየአገሩ ሁኔታም ሕፃናት በዚህ ዝርዝር ሊካተቱ ይችላሉ።

የነፍሰ ጡሮች ጉዳይ በተለይ ትኩረት የሚሻ ነው። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት ክትባቱን መውሰድ አይችሉም። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ስትከተብ ግን የመከላከል አቅሟ ወደ ጽንሱ ስለሚተላለፍ፣ ሕፃኑ ራሱ መከተብ በማይችልባቸው የመጀመሪያ ወራት ጥበቃ ያገኛል። አንዱ መርፌ ለሁለት ሰዎች ያገለግላል ማለት ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው በመርፌ የሚወሰደው ክትባት ሲሆን፣ በአፍንጫ የሚረጨው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለው አይታዘዝላቸውም።

ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ ስምንት ዓመት የሆኑና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ልጆች ቢያንስ በአራት ሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ ያስፈልጋቸዋል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ደግሞ በአንዳንድ አገሮች መጠኑ ከፍ ያለ ወይም የሰውነትን ምላሽ የሚያጎለብት ንጥረ ነገር የተጨመረበት ልዩ ክትባት ይቀርባል።

ከመከተብ በፊትና በኋላ

ክትባቱ በአብዛኛው የሚያስከትለው መርፌው የተወጋበት ቦታ መቁሰል፣ መጠነኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ነው። እነዚህም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋሉ። ብርቱ የአለርጂ ምላሽ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። ቀደም ሲል በዚሁ ክትባት ምክንያት እንዲህ ያለ ምላሽ የታየበት፣ ወይም ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም ያጋጠመው ሰው ከመከተቡ በፊት ለባለሙያው መናገር ይገባዋል። ቀላል ሳል ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ መኖር ከመከተብ አያግድም፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ሰው ግን እስኪሻለው ቢቆይ ይመረጣል።

ተከታቢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም አሉ። ክትባቱ ለየትኛው ዓመትና ለየትኛው ንፍቀ ክበብ የተዘጋጀ ነው? የአገልግሎት ጊዜው መቼ ያበቃል? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ተጠብቆ የቆየ ነው? አምና የተመረተ ወይም ቅዝቃዜው የተጓደለበት ክትባት ገንዘብ ከማስወጣት በስተቀር የሚፈለገውን ጥበቃ አይሰጥም።

ዳማ ከሴ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር እንዲሁም በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለታማሚው እፎይታ ይሰጣሉ ተብለው በየቤቱ ይዘወተራሉ። እነዚህ ግን ክትባትን አይተኩም። አንቲባዮቲክም ቢሆን የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ እንጂ በቫይረስ ላይ ባለመሆኑ፣ ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መውሰድ ጥቅም የሌለው ከመሆኑም በላይ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል። ለኢንፍሉዌንዛ የሚታዘዙት ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚረዱት ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ስለሆነም ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው በድንገት ብርቱ ትኩሳት ሲይዘው፣ እንዲሁም ማንኛውም ታማሚ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ደረቱን ሲያመው ወይም ራሱን ሲስት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ተጓዦችና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሽታው የሚበረታው ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባሉት ወራት በመሆኑ፣ በዚያ የሚኖሩ ሰዎች በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ቢከተቡ ይመከራል። በሞቃታማው ቀጠና በሚገኙ አገሮች ግን ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ሊሰራጭ ስለሚችል አንድ ወጥ "የኢንፍሉዌንዛ ወቅት" መለየት አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም ለኢትዮጵያውያን የመከተቢያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጉዞ ጋር ተያይዞ መታየት ይኖርበታል።

ለሐጅና ለዑምራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጓዙ ምዕመናን ለዚህ አንዱ ማሳያ ናቸው። የሐጅ ሥርዓት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመላው ዓለም በአንድ ቦታ የሚሰባሰቡበት ሲሆን፣ ከተጓዦቹም ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የማጅራት ገትር ክትባት ለተጓዦች ግዴታ ሲሆን ቢያንስ ወደ አገሪቱ ከመግባታቸው ከ10 ቀናት በፊት መወሰድ አለበት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም እንዲወሰድ ይመከራል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ተጓዦች ሊያውቁ የሚገባ ሲሆን፣ የኢንፍሉዌንዛውንም ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቢወስዱ ተገቢው ጥበቃ ይኖራቸዋል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ክትባቱን ለማግኘት የተሻለ ዕድል አላቸው። በአሜሪካ ክትባቱ በየሰፈሩ ባሉ ፋርማሲዎች ጭምር የሚሰጥ ሲሆን አብዛኞቹ የጤና መድን ዓይነቶች ወጪውን ይሸፍናሉ። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን አባል በሆኑባቸው የኩፓት ሆሊም ተቋማት በኩል ይገኛል። በብሪታንያ ደግሞ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያለ ክፍያ ይከተባሉ።

በርካታ የዳያስፖራ አባላት ለገናና ለጥምቀት በዓል ወደ አገር ቤት የሚመጡበት ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ ኢንፍሉዌንዛ ከሚበረታበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ አረጋውያን ወላጆቹ ቤት የሚገባ እንግዳ ሳያውቀው ቫይረሱን ይዞ ሊገባ ይችላል። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የሚያጎርሱት ወላጆች ደግሞ ክትባቱን የማግኘት ዕድላቸው ከልጃቸው ያነሰ ነው። ስለሆነም የተጓዡ ከጉዞ በፊት መከተብ ከራሱ አልፎ በአገር ቤት ለሚጠብቁት ቤተሰቦቹም የሚተርፍ ነው። በዓረብ አገሮችና በምዕራቡ ዓለም አረጋውያንንና ሕሙማንን በመንከባከብ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንም በሥራቸው ጠባይ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ ለሠራተኞች የሚቀርበውን ክትባት በወቅቱ ቢጠቀሙበት ራሳቸውንም ኃላፊነት የተጣለባቸውን ሰዎችም ይጠብቃሉ።

በኢትዮጵያ የሚጠበቀው

የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም። ከሰሃራ በታች ከሚገኙ አገሮችም ክትባቱን በብሔራዊ ደረጃ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ በቂ ምክንያቶች አሉ። ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል፤ የሚሰጠው በአብዛኛው ለአዋቂዎች በመሆኑ ለሕፃናት ከተዘረጋው አሠራር የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ውስን የሆነው የጤና በጀትም ኩፍኝን፣ የሳንባ ምችንና ሌሎች ገዳይ በሽታዎችን ለመከላከል አስቀድሞ ተመድቧል።

ይሁንና የወጪው ክብደት ጉዳዩን ጨርሶ ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ሥራ የጀመረች በመሆኑ፣ የትኞቹ የቫይረስ ዝርያዎች በየትኛው ወር እንደሚበረቱ የሚያሳይ መረጃ የሚሰበሰብበት መሠረት አላት። ይህ መረጃ ክትባቱ ቢጀመር በየትኛው ወር፣ የየትኛው ንፍቀ ክበብ ክትባት፣ ለማን ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ያስችላል። ሁሉንም ሕዝብ በአንድ ጊዜ መከተብ ባይቻልም፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከነፍሰ ጡሮች መጀመር የሚቻልበትን አማራጭ ማጥናት ተገቢ ነው። የጤና ባለሙያ ሲታመም ሕሙማን ያለ አገልጋይ ይቀራሉ፤ ታሞ ወደ ሥራ ሲገባ ደግሞ ሕመሙን ወደ ደካሞቹ ያስተላልፋል።

እስከዚያው ድረስ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይገኛሉ። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በሳልና በማስነጠስ ጊዜ አፍንጫንና አፍን በክርን መሸፈን፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ከሥራና ከትምህርት ቤት እንዲቀር ማድረግ፣ በሕሙማንና በአረጋውያን መጠየቂያ ጊዜ መጠንቀቅ፣ መስኮት ከፍቶ ቤትን ማናፈስ የቫይረሱን መተላለፊያ መንገድ ያጠብባሉ። ከሁሉም አስቀድሞ ግን በሽታውን በትክክለኛ ስሙ ማወቅ ይጠይቃል። ኢንፍሉዌንዛ ከቀላል ጉንፋን ተለይቶ ሲታወቅ፣ ክትባቱን ማግኘት የሚችለው በወቅቱ ይከተባል፤ ማግኘት የማይችለውም መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ያውቃል።